ኮምፒውተርን የሞላሁት እኔ ነኝ

ወረፋ ተበላሽቶ ካየሁ ዝም ማለት አልችልም። አንዳንዱ ሰው ደም ሲያይ ራሱን ይስታል፤ አንዳንዱ አይጥ ሲያይ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። እኔ ደግሞ አምስት ሰው በአንድ በር ሲጋፋ ሳይ ከግራ ጆሮዬ ሥር የሆነ ነገር ይነዝረኛል። ካላስተካከልሁት አይለቀኝም። ሐይቅ መናኸሪያ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ተራ አስከብሬአለሁ፤ የደሴውን ከውጫሌው፣ የውጫሌውን ከወልድያው እየለየሁ፣ ቀድሞ የመጣውን እያስቀደምሁ፣ በመስኮት ሊገባ የሚሞክረውን በእግሩ ጎትቼ እያወረድሁ። ሕመሙ ከሥራው ይምጣ፣ ሥራውን ያገኘሁት በሕመሙ ይሁን አላውቅም። ሚስቴ ዘይነባ ግን ታውቃለች። «አባቴ ቤት ሽማግሌ ስትልክ እንኳ በዕድሜያቸው ቅደም ተከተል አሰልፈህ ነው የላክኸው» ትለኛለች። ውሸቷን ነው። በቁመት ነበር።

መናኸሪያ ውስጥ ይህ አመሌ እንጀራዬ ነው። ከመናኸሪያ ውጭ ምን እንደሚያደርገኝ ግን ዘንድሮ ልጄን ኮሌጅ ላስመዘግብ ሄጄ አየሁት። ለማንም ያልተናገርሁት ምሥጢር ነው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ፤ ዳሩ ግን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይህን ጉድ ያልሰማ ቢኖር ከውኃው ያልወጣ ዓሣ ብቻ ነው።

ሃያት የበኩር ልጄ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ብሔራዊ ፈተናውን ወሰደች፤ ውጤቷ ግን ለዩኒቨርሲቲ በጥቂት ነጥብ አልበቃ አለ። ውጤቱ የመጣ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» እያለ ሲገባና ሲወጣ ዋለ። አንዷ ጎረቤታችንማ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጣች። ዘይነባ «ኧረ ልጅቱ በሕይወት አለች!» ብላ ነጠላዋን አስተካከለችላት።

ከዚያ ወዲያ የቀረልን ከተማችን ውስጥ ያለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። የሚያስተምራቸውን ሙያዎች ግድግዳ ላይ ለጥፎ ስለነበር ሃያት በደብተር ወረቀት ገልብጣ አመጣችው። ቧንቧ ሥራ አለ፣ ብየዳ አለ፣ የእንስሳት ጤና አለ፣ ኤሌክትሪክ፣ ልብስ ስፌት፣ ኮምፒውተር... ወረቀቱ ረጅም ነበር። እኔ ያየሁት ግን አንዱን ብቻ ነው።

ለምን ኮምፒውተር? በወንበሩ ምክንያት። ተራ አስከባሪ ወንበር የለውም። ቢኖረውም አይቀመጥበትም፤ ተቀምጦ ተራ የሚያስከብር ሰው ተሳፋሪ ይመስላል። ሃያ ስድስት ዓመት የቆመ እግር ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ካለ ይምጣና ጫማዬን ላውልቅለት፤ ምሳውን በልቶ ባይመጣ ግን ይሻለዋል። አንድ ቀን ታዲያ ለጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ የሃያት ታላቅ እኅት ልትሆን የምትችል ልጅ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ አየሁ። ወንበሯ ጎማ አለው። ጎማ! ከወዲያኛው ጥግ ዶሴ ስትፈልግ አልተነሳችም። በእግሯ ጫፍ ገፋ አድርጋ ሐይቅ ላይ እንዳለ ታንኳ ተንሳፍፋ ሄደች፣ ዶሴውን አነሳች፣ ዞር ብላ ተንሳፍፋ ተመለሰች። ጉዳዬ ካለቀ በኋላም ቆሜ ሳያት ቆይቼ ኖሮ ዘበኛው ነው ትከሻዬን ነካ አድርጎ ያስወጣኝ። ያን ቀን የልጄን ነገር ወሰንሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር ቢኖር ወንበሩን ነው።

እራት ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ «እንግዲህ ኮምፒውተር ነው» አልሁ።

«እኔ ቧንቧ ሥራ ነው የምፈልገው አባ» አለች ሃያት።

የጠቀለልሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ሠራተኞች በሰፈራችን የውኃ መስመር ሲዘረጉ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦዩ አፍ ላይ ቆማ ታመሽ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና መጥታ፣ ላይኛው ሰፈር ውኃ ለምን እንደማይደርስ፣ ቱቦው ወዴት ማጋደል እንደነበረበት በሁለት ማንኪያና በአንድ ማስታጠቢያ ለእናቷ ስታስረዳ አገኘኋት። ለዘይነባ ገብቷት ነበር። ለእኔ የታየኝ ጭቃው ነው።

«ሴት ልጅ ቦይ ውስጥ ገብታ! ሰው ምን ይላል?» አልሁ።

«አባ፣ ይኸን ውኃ ቧንቧ ሳይገባ በፊት ከምንጭ በጀርባው ሲያመጣ የኖረው ማነው? ሴቱ አይደለም? በጀርባችን ስናመጣው ነውር ያልሆነ በቧንቧ ስናመጣው ነውር ሊሆን ነው?»

መልስ ሲያጣ የሚቆጣ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። «ወላሂ፣ ኮምፒውተር ካልሆነ ኮሌጅ የሚባል ነገር አታይም!» ብዬ ተነሥቼ እጄን ታጠብሁ። ዘይነባ «እራትህን መች ጨረስህ?» አለችኝ። አንዴ ታጥቤአለሁና ተርቤ አደርሁ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ስለ ቧንቧ ትንፍሽ አላለችም። እኔ ግን ዘመቻዬን አላቆምሁም። መናኸሪያ ላገኘሁት ሾፌር ሁሉ «ሃያትን መንገድ ላይ ካየሃት ኮምፒውተር በልልኝ» አልሁ። ሾፌሮች ለቁም ነገር የነገርሃቸውን ይረሳሉ እንጂ እንዲህ ያለውን አይረሱም። ልጅቱ ዳቦ ልትገዛ አስፋልት ባቋረጠች ቁጥር አንዱ ሚኒባስ ጥሩንባውን እየነፋ «ሃያት! ኮምፒውተር!» ብሎ ያልፋል። ሰንበት ሲል ተሳፋሪዎቹም ተቀበሉት። አንድ ከቆቦ የመጣ ሰውዬማ፣ መቼም ስሟ መስሎት ነው፣ «ያቺ ኮምፒውተር የምትባል ልጅ ደኅና ናት?» ብሎ ጠየቀኝ።

የምዝገባው ቀን ደረሰ። የሠርጌን ኮት ለበስሁ። ትከሻው አሁንም ልክ ነው፤ ቁልፉ ብቻ ነው እምቢ የሚለው።

«አባ፣ እኔ ብቻዬን እችላለሁ» አለች ሃያት።

«አንቺ ትችያለሽ፤ ወረፋው ነው የማይችለው» አልኋት።

እንደ ፈራሁትም ሆኖ ጠበቀኝ። ግቢው ጢም ብሏል። ከአምባሰል የመጣ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር የመጣ፣ እናቱን ያስከተለ፣ አጎቱን ያስከተለ። ለዚያ ሁሉ ሰው የተከፈተው አንድ መስኮት ነው፤ መስኮቱ ላይ ሰው እንደ ንብ ሰፍሯል። ለግሸን ንግሥ የሚሄደው ተጓዥ አውቶቡስ በር ላይ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ እሱ ግን ቢያንስ ለበረከት ነው።

«አባ፣ እባክህን። ዛሬን ብቻ» አለችኝ ሃያት።

«ምን አደረግሁ?»

«ጆሮህን እየነካካህ ነው።»

ከማስረጃዎቿ አንዱ ፎቶ ኮፒ ጎድሎት ኖሮ ልታስነሳ ወደ ውጭ ወጣች። ስትሄድ «እዚችው ቁም። ቦታችንን ብቻ ያዝልኝ። ለማንም ምንም አትበል» አለችኝ። እሺ አልሁ። እሺ ማለቴን በደንብ አስታውሳለሁ። ገና ከግቢው በር ሳትወጣ አንድ ጎረምሳ በአንዲት እናት ትከሻ ላይ ተንጠላጥሎ ወረቀቱን በመስኮቱ ሊወረውር ሲሞክር አየሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን የሠሩት እጄና አፌ ናቸው።

«ወንድሞች! እኅቶች! ወደ ኋላ! በአንድ መስመር! ቀድሞ የመጣ ይቀድማል!»

የእኔ ድምፅ ሞተሩ ከተነሣ አውቶቡስ በላይ የሚሰማ ነው። ግቢው ጸጥ አለ። ሃያት አስይዛኝ ከሄደችው ደብተር ቀድጄ ቁጥር ጻፍሁና አደልሁ። ሕፃን ያዘለችውን ጥላ ሥር አስቀመጥሁ። ጎረምሳውን መጨረሻ ላይ ተከልሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከመስኮቱ እስከ ግቢው በር ገመድ የመሰለ ሰልፍ ተዘረጋ። እንዲህ ያለ ሰልፍ መናኸሪያ ውስጥ እንኳ ሠርቼ አላውቅም። ዓይኔ እንባ አቀረረ።

መስኮቱ ውስጥ ያለችው መዝጋቢ አንገቷን አስግጋ አየች። ወጣት ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትጮህ ድምጿ ሰልሏል።

«ተባረኩ! ከየት ተልከው ነው?»

«ከመናኸሪያ» አልኋት።

ከኋላዋ የወረቀት ማተሚያው እየተንጫጫ ስለነበር በደንብ አልሰማችኝም። ዞር ብላ ለባልደረባዋ «ከሚኒስቴር ነው የመጡት!» አለቻት። ላርማት ይገባኝ ነበር። አፌንም ከፍቼ ነበር። ያንኑ ጊዜ ግን አንድ እቅፍ ቅጽ በመስኮቱ አቀበለችኝና «እንግዲያው እባክዎ፣ ይኸን እያደሉ ያስሞሉልኝ» አለችኝ። ኮት የለበሰ፣ ቅጽ የታቀፈ ሰው ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት። አልዋሸሁም። አለመዋሸቴን ዛሬም ለዘይነባ እነግራታለሁ፤ አትሰማኝም።

ሰልፉ ራስ ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ከወንድ ልጃቸው ጋር ቆመዋል። አቶ ይመር ይባላሉ፤ ልጁ አስናቀ። ከአምባሰል፣ ከግሸን ተራራ ሥር ነው የመጡት። ቅጹን ስሰጣቸው ባርኔጣቸውን አነሡልኝ።

«ጌታው፣ መቼም አንቱ ያውቁታል። ለዚህ ልጅ የትኛው ይሻለዋል ይላሉ?»

«እኔ ተራ አስከባሪ ነኝ፤ አላውቅም» ማለት አምስት ቃል ነው። አምስቱም አፌ ድረስ መጥተው ነበር። የወጣው ግን አንድ ነው።

«ኮምፒውተር።»

«ምነው እሱ?»

«ወንበር አለው።»

«ወንበር?»

«ጎማ ያለው ወንበር። ይሽከረከራል። ቁጭ ብለው ነው የሚሄዱበት።»

አቶ ይመር ሳያውቁት እጃቸው ወደ ወገባቸው ሄደ። ዕድሜ ልኩን ከሞፈር ኋላ ጎብጦ የኖረ ወገብ ነው። ትንሽ አሰቡና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አስናቀ! ኮምፒውተር ብለህ ጻፍ!»

«አባዬ፣ እኔኮ የእንስሳት ጤና ነው...»

«ላሚቱ ራሷ ትዳን! ጻፍ!»

ከኋላቸው ያለችው ሰማች። ከእሷ ኋላ ያለው ሰማ። «ሚኒስቴሩ ኮምፒውተር እያለ ነው» የሚል ወሬ ሰልፉን ተከትሎ ወረደ። እኔም ሰልፉን ተከትዬ ወረድሁ። ሰው ይጠይቀኛል፣ እኔም እመልሳለሁ፤ መልስ መስጠት እንዲህ ደስ የሚል ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተር ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እንደ መንገዱ ነው።»

«ከዚያስ በኋላ የት ያደርሳል?»

«ደሴ ትገባላችሁ። ከዚያ ወደ ፈለጋችሁበት ትቀጥላላችሁ።»

በመጨረሻ «ኮምፒውተር! ኮምፒውተር! የሞላ ኮምፒውተር! ሁለት ሰው የቀረው!» እያልሁ ስጮህ ነበር ይላሉ። እኔ ይህን ማለቴን አላስታውስም። የሰሙት ሰዎች ግን ብዙ ናቸው።

የብየዳው መምህር ቱታውን እንደለበሰ ከወርክሾፑ ወጥቶ መጣ። «ወንድሜ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ሰው ብየዳ አላለም፤ ምን እያልሃቸው ነው?» አለኝ። ስለ ወንበሩ ነገርሁት። ፊቱ ቀላ። «ያንን ወንበርኮ የሚበይደው ሰው እኛ ጋ ነው የሚማረው!» አለ። ይህ ጥሩ ነጥብ ነበር። ግን አንድ ሰው ከሰልፉ ወጥቶ ሲጠጋ አየሁና እሱን ልመልስ ሄድሁ።

ሃያት የተመለሰችው ዘግይታ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መብራት ጠፍቶበት ኖሯል። ከግቢው በር ስትገባ ያንን ቀጥ ያለ ሰልፍ ገና ስታየው የማን ሥራ እንደሆነ እንዳወቀች ኋላ ነግራኛለች።

«አባ፣ ቦታችንስ?»

ቦታችን! ለዚያ ሁሉ ሰው ቁጥር ሳድል ለራሴ መስጠት ረስቼአለሁ። ልጄን ደግሞ አሁን ከፊት ላስገባት አልችልም፤ ቀድሞ የመጣ ይቀድማል እያለ ሲጮህ የዋለው እኔ ነኝ። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኔን ወደ ሰልፉ ጫፍ አደረግሁ። ሄዳ ከመጨረሻዋ ሰው ኋላ ቆመች፤ ትንሽ ቆይቶ አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ መጥታ ከእሷ ኋላ ተሰለፈች።

ከቀትር፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው መስኮቱ ጋ የደረስነው። ግቢው ሳስቷል። መዝጋቢዋ ሃያት ሰልፉ ላይ ቆማ የሞላችውን ቅጽ ተቀብላ አየችው።

«አንደኛ ምርጫ... ኮምፒውተር። ይቅርታ እኅቴ፣ ኮምፒውተር ሞልቷል።»

ኮምፒውተር? ወደ ልጄ ዞርሁ።

«ኮምፒውተር ነው እንዴ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ቧንቧስ?»

«ተወው አባ።»

ስንት ሳምንት ሙሉ ለዚህች ቃል ዘምቼ፣ አሁን ስሰማት ደስታው የት እንደ ሄደ አላውቅም። ጉንጬን በሁለት እጄ ይዤ ቆምሁ። መዝጋቢዋ ቅጹን ገለበጠችው።

«ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫሽን ደግሞ ባዶ ትተሽዋል። ሁለተኛውን ብትሞዪ ኖሮ ይሻልሽ ነበር።»

ሃያት አንገቷን ደፋች። የተናገረችው ለመዝጋቢዋ ቢመስልም ለእኔ ነበር። «ቧንቧን ሁለተኛ ብጽፍ፣ አንደኛው እንዲያልፈኝ ዱዓ ማድረጌ አይቀርም። አባን ማታለል ሆነብኝ።»

ሰው በዚህ ጊዜ ዝም ማለት አለበት። እኔ ግን ጮህሁ። «እንዴት ይሞላል? እንዴት ነው ኮምፒውተር በአንድ ቀን የሚሞላው?»

«እኔስ ምን ላድርግ?» አለች መዝጋቢዋ። «ዛሬ የመጣው ሁሉ ኮምፒውተር ይላል። ምን እንደ ነካቸው አላውቅም። እርስዎ እያሉ እኔን ይጠይቃሉ? ከሚኒስቴር የመጡት እርስዎ!»

«ከመናኸሪያ ነው» አልሁ።

«ምን አሉኝ?»

«ከመናኸሪያ ነው የመጣሁት። ተራ አስከባሪ ነኝ።»

መዝጋቢዋ አየችኝ። ከዚያ ኮቴን አየችው። ከዚያ ግቢውን አየችው።

«መቼስ» አለች በመጨረሻ፣ «ሰልፉን አሳምረውታል።»

ሃያት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እያለቀሰች መሰለኝ። እየሳቀች መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው። አቶ ይመርና ልጃቸው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዳቦ እየቆረሱ ነበርና ወደ እነሱ ሮጥሁ። አቶ ይመር ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

«አፉ በሉኝ» አልኋቸው፣ «እኔ ሹም አይደለሁም። መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነኝ። ልጄ ቦታ አጣች።»

ዳቦው እጃቸው ላይ ቀረ። «ወንበሩም ውሸት ነው?»

«ወንበሩ እውነት ነው።»

«ይሽከረከራል?»

«ይሽከረከራል። ግን ስለ ኮምፒውተር የማውቀው እሱን ብቻ ነው።»

ዳቦውን መልሰው ቋጠሩት። እውነት እላችኋለሁ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ኋላ ወደ ልጃቸው ጠቆሙና «ይኸ ልጅ ባለፈው ክረምት ቀንበር የላጠውን የበሬያችንን ጫንቃ ጠዋት ማታ እያጠበ ያዳነልኝ ነው» አሉ። «እርሻውን የተወጣነው በሱ ነው። ምን እንደሚወድ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሰው ኮት ለብሶ ሲናገር ጊዜ...»

«ኮቱ የሠርጌ ነው።»

ያን ጊዜ ሳቁ። ጥርስ በሌለው አፋቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። አስናቀ የአባቱ ሳቅ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ቀና ብለን ስናይ መስኮቱ ጋ ደርሶ «እኅቴ፣ የእንስሳት ጤና ቦታ አለ?» እያለ ነበር።

ነበር። መዝጋቢዋ ስሙን ከአንዱ ዝርዝር ሰርዛ ሌላው ላይ ጻፈችው። «እንግዲህ አንድ የኮምፒውተር ቦታ ተገኘ» አለች ወደ ሃያት ዞራ። «ቶሎ ፈርሚ።»

ሃያት እስክርቢቶውን አነሣች። እጇን አየሁት። እንዲህ እስክርቢቶ የሚያነሣ እጅ አውቃለሁ፤ የሚሄድበትን መኪና አጥቶ በሌላ የሚሳፈር ሰው እጅ ነው። ስንት ሳምንት ሙሉ ስናገር አንድ ነገር ሳልጠይቃት መቅረቴ ያን ጊዜ ታወሰኝ።

«ቆይ ሃያት» አልሁ። «አንቺ የምትፈልጊው የትኛውን ነው?»

ቀና አለች። «እውነት እየጠየቅኸኝ ነው ወይስ እንደ ተሳፋሪ?»

ታውቀኛለች። መናኸሪያ ላይ «ወዴት ነህ?» እያልሁ ክንዱን ይዤ እኔ ወደ መረጥሁት መኪና የማስገባውን ሰው ስታይ ነው ያደገችው።

«እውነት» አልሁ። እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኋቸው።

«ቧንቧ።»

«ጻፊው።»

መዝጋቢዋ ሁለታችንንም አየችን። «እርግጠኛ ነዎት አባት?»

«አይደለሁም» አልሁ። «ይጻፍ።»

ከኋላችን ያለችው ባለ መነጽር ልጅ ጠጋ አለች። «እንግዲያው የኮምፒውተሩን ቦታ እኔ ልውሰደው?»

«ለወንበሩ ብለሽ ነው?» አልኋት።

«የምን ወንበር?» አለች። ከጠዋት ጀምሮ ኮምፒውተር ካለው ሰው ሁሉ ኮምፒውተር የሚወድ ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቤት ስንደርስ ዘይነባ ሁሉንም ሰምታለች። አንድ ባጃጅ ነጂ ቀድሞን ነግሯታል። አልተቆጣችም፤ «መሐላህስ?» ብቻ አለችኝ። ወላሂ ብዬ የማልሁትን ማፍረሴ ነውና ሦስት ቀን ጾምሁ። ሾፌሮቹ ደግሞ ወሬውን እንደ ሰሙ ጥሪያቸውን አስተካከሉ፤ አሁን «ሃያት! ቧንቧ!» እያሉ ነው የሚያልፉት። እኔን ሲያዩኝ ግን «ሚኒስትር!» ነው የሚሉኝ። ሰሞኑን ኮምፒውተር ከገቡት ልጆች አንዱ መናኸሪያ አግኝቶኝ አንገቱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ክፍላችን ውስጥ ያለው አግዳሚ ነው» አለኝ። ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ላይ ጥሩ ቦታ፣ ከሾፌሩ ኋላ በመስኮት በኩል፣ ሰጠሁት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሃያት የግቢያችንን ቧንቧ ልሥራው አለች። ምን ሆኖ? ምንም አልሆነም፤ ደኅና ነበር። መገጣጠሚያው ግን አላማራትም። ጎንበስ ብላ አይታ «ይኸን ማን ነው የገጠመው?» አለች፣ ልክ ሐኪም የሌላውን ሐኪም ስፌት ሲያይ እንደሚለው። የገጠምሁት እኔ ነኝ፤ ዞር ብዬ ዶሮዎቹን ቆጠርሁ። የእኛ ሰፈር የውኃ ፈረቃ ሰኞና ሐሙስ ስለሆነ ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ መዝጋት አላስፈለጋትም። መፍቻውን አስገብታ አንድ ዙር አዞረች። ሁለት ዙር። በሦስተኛው ውኃው መጣ።

የቧንቧው አፍ ተስፈንጥሮ የዶሮዎቹን ቤት መታ። ዶሮዎቹ አጥሩ ላይ ወጡ። ውኃው እስከ ጣራው ክፈፍ ተወርውሮ የተሰጣውን በርበሬ ይዞት ሄደ።

«አባ! ያዝልኝ!»

በሁለት መዳፌ አፈንሁት። በጣቶቼ መሀል እየወጣ በእጅጌዬ ገባ፣ በሱሪዬ ወረደ። ሃያት ወደ መዝጊያው ሮጠች፤ ዝጎ ኖሮ አልዞር አላት። «አባ፣ እንዳትለቅ!» ትላለች። «ቶሎ በይ!» እላለሁ። ዘይነባ ጩኸቱን ሰምታ ከቤት ወጣች። ስለ እኔ ትደነግጣለች ብዬ ነበር። «ውኃ መጣ!» ብላ ተመልሳ ገባችና ባልዲውን፣ ድስቱን፣ ጀሪካኑን ሁሉ አውጥታ ሥሬ ደረደረች። «ወደዚህ አዙረው፣ ወደዚህ» ትለኛለች።

መዝጊያው በመጨረሻ ተዘጋ። ሦስታችንም ከራስ ጸጉራችን እስከ ጫማችን ውኃ ሆነን ተያየን። ሃያት የምቆጣ መስሏት መፍቻውን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ይኸን ነው የሚያስተምሯችሁ?» አልኋት።

«አይ፣ መጀመሪያ ያስተማሩን መዝጊያውን መዝጋት ነው።»

«እና?»

«ረሳሁት።»

ማን ቀድሞ እንደ ሳቀ አላስታውስም። ዘይነባ ናት መሰለኝ፤ ዕቃዎቿ ሁሉ ሞልተውላታል።

ልጄ ካልሲዋን ጨምቃ ተመለሰችና ተንበረከከች። እኔ የገጠምሁትን ነቅላ ጣለች፤ ጥርሱ ላይ ነጭ ላስቲክ እየጠመጠመች አዲስ ገጠመች፤ ምላሷን ነክሳ አጠበቀችው። እንዲህ ስትሠራ አይቻት አላውቅም ነበር። ሄዳ መዝጊያውን ከፈተች። ቧንቧው ሲከፈት ውኃው ቀጥ ብሎ፣ ሳይንተፋተፍ ወረደ። ሲዘጋ ቆመ። ከዚያ ከመገጣጠሚያው ሥር አንዲት ጠብታ ወጣች። ጠብ። ትንሽ ቆይታ ሌላዋ። ጠብ።

«ይኸስ?» አልሁ።

ጎንበስ ብላ በደንብ አየችው። «እሱን የሚመጣው ሳምንት ነው የምንማረው» አለች።

እስከዚያው ሥሩ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጠናል። ሲሞላ የምደፋው እኔ ነኝ።